አራት ቀን በፔሩ በረሃ

«ፔሩ ሄደህ መጥተህ ዝም አልከን» እያላችሁ በውስጥ መስመር የጻፋችሁልኝ ብዙ ናችሁ። ከተመለስን ሁለት ወር ሆነን፤ እነሆ ዛሬ ቁጭ ብዬ ጻፍኩ። ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሜ ለሁላችሁም መልስ ልስጥ። ማቹ ፒቹን አላየሁም። እሷ ያለችው ሩቅ ተራራ ላይ ነው፤ እኔና ባለቤቴ የሄድነው ታች፣ ውቅያኖሱ ዳር ወዳለው በረሃ ነው። «አገር ቤት አምስት ዓመት ሳትረግጥ ፔሩ ምን ልትሠራ?» ላላችሁኝም መልሱ ከታች አለ፣ ወደ መጨረሻው አካባቢ።

ነገሩን የጀመረው አብሮኝ ኤርፖርት ወረፋ የሚጠብቅ አንድ የፔሩ ሰው ነው። ስድስት ዓመት ጎን ለጎን ታክሲ አቁመን አውርተናል። አርባ ምንጭ የውሃ ቴክኖሎጂ እንደተማርኩ፣ ከዲቪ በፊት አገር ቤት ሰባት ዓመት መስኖ ላይ እንደሠራሁ የነገርኩት ቀን ስልኩን አውጥቶ አንድ ፎቶ አሳየኝ። መሬት ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቤት እየተጠመዘዘ የሚወርድ፣ በድንጋይ የተካበ ጉድጓድ ነው። ከታች ውሃ አለ። «ይህን ሳታይ የውሃ መሐንዲስ ነበርኩ አትበለኝ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ያ ፎቶ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ባለቤቴን «ባሕር አለ፣ ወይን አለ፣ ፔንግዊን አለ» ብዬ አሳመንኳት፤ ጉድጓዱን ከአውሮፕላን ስንወርድ ነገርኳት።

የአሜሪካ ፓስፖርት ለያዘ ሰው ቪዛ አያስፈልግም። ከሊማ በፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ተነድቶ ፓራካስ ይደረሳል፤ ከዚያ ኢካ 75 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከኢካ ናዝካ ደግሞ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ። ይኸው ነው መንገዱ። የነዳን የወዳጄ የአጎት ልጅ ነው። እኔ ከኋላ ተቀምጬ መስኮት ስመለከት ዋልኩ፤ ተሳፋሪ መሆን እንዴት ደስ እንደሚል ረስቼው ነበር።

በቀኝ ውቅያኖስ፣ በግራ አሸዋ። አንዲት ሣር የለችም። ባለቤቴ «ይህ ሁሉ ውሃ አጠገቡ ተኝቶ መሬቱ እንዴት ደረቀ?» አለችኝ፤ ለምላሹ አሥራ ምናምን ዓመት ስጠብቅ የነበርኩ ይመስል ጀመርኩላት። ከደቡብ፣ ከበረዶው ባሕር በኩል፣ ሁምቦልት የሚባል ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ ወደ ሰሜን ይፈስሳል። ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ከላዩ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ አየር ከባድ ነው፣ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወደ ላይ ያልወጣ አየር ዝናብ አይሆንም። ጉም ይሆናል፣ ያረጥባል፣ አበቃ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ የአንዲስ ተራራ የአማዞንን ዝናብ ያስቀርባቸዋል። ሆኖም ያው ቀዝቃዛ ውሃ ከባሕሩ ሥር ማዳበሪያ የሚሆን ነገር ይዞ ይወጣል፤ በእሱ አንቾቪ የምትባል ትንሽ ዓሣ በመንጋ ትረባለች፤ ዓሣዋን ፍለጋ ወፉም የባሕር አንበሳውም ይመጣል። ሌላ ጊዜ ስለ ውሃ ሳወራ የምትተኛዋ ባለቤቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

የባዬስታስ ደሴቶችን ለማየት ጀልባ የሚነሣው በማለዳ ነው፤ ከሰዓት በኋላ አሸዋ የሚያነሣ ብርቱ ነፋስ ይመጣል። በመንገዱ ላይ አንድ አሸዋማ ኮረብታ ፊት ላይ መቅረዝ የሚመስል ሥዕል ተቆፍሯል፤ ቁመቱ 180 ሜትር ገደማ። ማን እንደሠራው፣ ለምን እንደሠራው የተረጋገጠ ነገር የለም። ከዚያ ደሴቶቹ። ሽታቸው ቀድሞ ይደርሳል። ዓለቱ ነጭ ሆኗል፣ የወፍ ኩስ ነው። ወፉ ጥቁር ደመና ሆኖ ይነሣል፣ ያርፋል። የባሕር አንበሶች እንደ በሬ ያገሳሉ። ከዓለቱ ሥር ስድስት ሰባት ፔንግዊኖች ተሰልፈው ቆመዋል፤ ፔንግዊን በበረሃ! ከጠባቂዎች በቀር ደሴቶቹ ላይ የሚወርድ የለም፤ ከጀልባው ሆኖ ነው የሚታየው። ፔሊካኖቹን ሳይ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን ሆድ ዕቃ የሚሻሙት ትዝ አሉኝ።

ኩሱ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ጓኖ ይሉታል። ዝናብ ስለሌለ አይታጠብም፤ በሺህ ዓመታት በጣም ወፍራም ሆኖ ተከምሮ ነበር። ከ1840ዎቹ እስከ 1870ዎቹ የአውሮፓና የአሜሪካ እርሻ ማዳበሪያ ይህ ነበር፤ የፔሩ መንግሥት በእሱ ገቢ ኖረ። በ1856 አሜሪካ ዜጎቿ ጓኖ ያለበትን ባዶ ደሴት ይዘው ለአገራቸው ማስመዝገብ እንዲችሉ ሕግ አወጣች። በ1864 ስፔን እዚያው ቅርብ ያሉትን የቺንቻ ደሴቶች በጦር መርከብ ያዘች። ሲቆፍሩ ያለቁት ግን በኮንትራት የመጡ ቻይናውያን ናቸው። በውል፣ በደላላ፣ ወደማያውቁት በረሃ። ዐረብ አገር ያላችሁ እህቶቼ ይህን ስታነቡ የምታስቡትን አውቃለሁ። አስጎብኚው በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፈው፤ እኔ ግን ከጀልባው እስክወርድ እያሰብኩት ነበር።

በፓራካስ አሸዋ ውስጥ ደግሞ ሙታን አሉ። ሁሊዮ ቴዮ የተባለ ፔሩአዊ የጥንታዊ ታሪክ ተመራማሪ በ1920ዎቹ በመቶ የሚቆጠሩ አስከሬኖች በጨርቅ ተጠቅልለው አገኘ፤ ሁለት ሺህ ዓመት ያህል ሆኗቸዋል፣ የጨርቁ ቀለም ግን ትናንት የተነከረ ይመስላል። ዝናብ የሌለበት አገር ዕቃ ያስቀምጣል። ከዚያ በ1930ዎቹ ከመቃብሩ ተዘርፎ ስዊድን የደረሰ ጨርቅ ነበር፤ የጎተንበርግ ከተማ ከ2014 ጀምሮ በየተራ መለሰላቸው። በሙዚየሙ ውስጥ ይህን ሳነብ የአክሱም ሐውልት በ2005 ከሮም ሲመለስ፣ ያኔ ገና አገር ቤት ነበርኩ፣ የተሰማኝ ደስታ ተመለሰብኝ። የመቅደላው ብራና ግን አሁንም ለንደን ነው፤ እሱን ሌላ ቀን።

ኢካ የገባነው በወይን መልቀሚያ ወቅት ነው፣ በመጋቢት። ፒስኮ የሚባለው መጠጣቸው የወይን አረቄ ነው። ወይኑ ይጨመቃል፣ ይብላላል፣ በመዳብ ጋን ይወጣል። ራሱና ጭራው፣ ማለት መጀመሪያና መጨረሻ የሚወርደው፣ ይለያል፤ መሐሉ ብቻ ይወሰዳል። ሕጋቸው ጥብቅ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል፣ ውሃ አይጨመርበትም፣ ቀለምም ጣዕምም በማይሰጥ ዕቃ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ወር ይቀመጣል። ጥንካሬው ከ38 እስከ 48 በመቶ። የጎረቤታችን አረቄ አውጪ እናት በእንስራና በሸምበቆ የሚሠሩትን ሳይ ያደግኩ ሰው ስለሆንኩ ምንም አዲስ አልሆነብኝም። እንዲያውም አስጎብኚዋ «አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናወጣው» ብላ ስትኮራ «እኛ ጋ ዳግም ይባላል፣ ሁለቴ ነው» ልላት ነበር፤ ባለቤቴ በክርኗ ነካችኝ። ታካማ የሚባለው ወይን ቤት ታሪኩን ከ1540ዎቹ ይቆጥራል። ያረጀ ግቢ፣ ትልቅ ዛፍ፣ ጥሩ ምሳ። ጣፋጩን ወይን ጠጅ አልወደድኩትም፤ ጠጅ ነው የሚመስለው፣ ጠጅ ደግሞ ቤታችን አለ።

ከወይን ቤቱ ይልቅ የያዘኝ ወይኑ ነው። ዝናብ በማይዘንብበት አሸዋ ላይ አረንጓዴ እስከ አድማስ! መሐንዲስ የነበረ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ውሃው ከየት ነው?» ነው። አሮጌው መልስ ላ አቺራና የምትባል ቦይ ናት፣ ከኢንካ ዘመን የቀረች። አፈ ታሪክ አላት፤ ንጉሡ አንዲት ልጅ ወደደ፣ እሷ ሌላ እወዳለሁ አለችው፣ እሱም ሳይቆጣ ምን ልስጥሽ ሲላት ለወገኖቼ ውሃ አለችው። እስከ ዛሬ ትፈስሳለች። አዲሱ መልስ ግን ፓምፕ ነው። ከ1990ዎቹ ወዲህ ኩባንያዎች አስፓራገስና ወይን ለውጭ ገበያ ሊያመርቱ ገቡ፣ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፈሩ፣ በጠብታ መስኖ አሸዋውን አለሙት። እኔና እናንተ እዚህ አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ የምናነሣት አረንጓዴ እስር ላይ «የፔሩ ምርት» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ብዙው ከዚህ ነው። ከመሬት ሥር የሚወጣው ውሃ ግን ተመልሶ ከሚገባው ይበልጣል፤ የኢካ የከርሰ ምድር ውሃ ከዓመት ዓመት እየወረደ ነው።

ሹፌራችንን ጠየቅኩት። እናቱ ጓሮ የነበረው ጉድጓድ ደርቋል፣ ውሃ በቦቴ ይገዛሉ። «ታዲያ ኩባንያዎቹን ትጠላቸዋለህ?» አልኩት። ሳቀ። እህቱ ማሸጊያ ቤት ትሠራለች፣ የእሱን መኪና ዕዳ ግማሹን የከፈለችው እሷ ናት። በኢካ ሥራ ፈልጎ ያጣ የለም አለኝ። እዚህ ላይ ዝም አልኩ።

ከኢካ አምስት ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ዋካቺና የምትባል በአሸዋ ተራራ የተከበበች ትንሽ ሐይቅ አለች፤ ድሮ በ50 ሶል ብራቸው ላይ ሥዕሏ ነበር። ቱሪስቱ አሸዋው ላይ በመኪና ይጋልባል። ውሃዋ እየወረደ ስለሄደ ዛሬ ሰው በቧንቧ እየሞላላት ነው የምትኖረው። የሐሮማያን ሐይቅ የምታስታውሱ እዚህ ቁሙልኝ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለሥራ ወደ ሐረር ስናልፍ ሐይቅ ነበረ ያሉኝ ቦታ ላይ ከብት ሲግጥ አየሁ። በ2000ዎቹ አጋማሽ ነው። ጫቱ በሞተር ይጠጣ ነበር፣ ከተማውም ይጠጣ ነበር፣ ደለሉም ይገባ ነበር። ከዓመታት በኋላ ውሃው ተመለሰ ሲባል በቪዲዮ አይቼ ደስ ብሎኛል። ሆኖም ያን ሜዳ ያየ ሰው አይረሳውም።

እንግዲህ መልሱ ያለው እዚህ ነው። ታናሽ ወንድሜ መቂ አካባቢ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። ለአራት ዓመት ከተቆፈረ ጉድጓድ በትንሽ ሞተር ሲስብ ኖረ። አሁን ውሃው ሸሸ፤ ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ሆኖ ጥልቅ ጉድጓድ ሊያስቆፍርና ወደ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ ሊገዛ ይፈልጋል። የእሱ ድርሻ ከእኔ ነው የሚጠበቀው፤ አራት ሺህ ዶላር። ለአገር ቤት ትኬት ያስቀመጥኩት ይህን ያህል ነበር። ገንዘቡን ስልክለት አገር ቤት አልሄድም ማለት ነው። ፔሩን የሄድነው ባለቤቴ ባጠራቀመችው የአየር መንገድ ነጥብ ነው፣ ይህንንም ለሐሜተኞች።

ገንዘቡ ብቻ ቢሆን እስከ ዛሬ በላክሁ። ስጋቴ ሌላ ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ጥልቅ ውሃ ብዙ ጊዜ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ካለፈ ለመጠጥ አይሆንም፤ ልጆች ጥርሳቸው የሚበልዘው፣ ሲብስ አጥንታቸው የሚጎብጠው በእሱ ነው። ለቲማቲም የወጣ ውሃ ደግሞ በእኛ አገር ለቲማቲም ብቻ አይሆንም፤ የወንድሜም ልጆች ይጠጡታል። ሁለተኛው፣ አራት ሰዎች ፓምፕ ካስገቡ አምስተኛው በእጅ የቆፈረው ጉድጓድ ይደርቃል። ሦስተኛ፣ ዝዋይን የሚመግበው የመቂና የከታር ወንዝ ነው፤ ከዝዋይ የሚወጣው ቡልቡላ አቢጃታን ይመግባል፤ አቢጃታ ምን ያህል እንደሸሸ ያየ ያውቀዋል። የአበባውም እርሻ፣ የወይኑም እርሻ ዝዋይ ላይ ነው። በዚህ ሁሉ ላይ ወንድሜን «አንተ ተው» ማለት ግን እንዴት ይቻላል?

ይህን በሆዴ ይዤ ናዝካ ገባሁ።

በአውሮፕላን መስመሮቹን አላየንም፤ ባለቤቴ ትንሽ አውሮፕላን አትሳፈርም። ከመንገዱ ዳር ያለው የብረት ማማ ላይ በጥቂት ሶል ወጣን። ከዚያ የሚታዩት ሁለት ሦስት ሥዕሎች ብቻ ናቸው፣ በቂ ናቸው። አሠራሩ ቀላል ነው። የላይኛው ጠጠር ፀሐይና ጊዜ ያጠቆረው ነው፤ እሱን ስታነሡት ከሥር ነጣ ያለ አፈር ይወጣል። ካስማ፣ ገመድ፣ ትዕግሥት። ገመድ ይዤ ቦይ የቀየስኩ ሰው ነኝና ከሰማይ የመጡ ፍጡራን ሠሩት ሲባል ያናድደኛል፤ የሰውን ሥራ ለሰው አለመስጠት ነው። ማሪያ ራይኸ የተባለች ጀርመናዊት የሒሳብ ሰው ሕይወቷን ሙሉ እየጠረገች፣ እየለካች ጠበቀቻቸው፤ በ1998 እዚያው ፔሩ ሞተች። በ2024 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች በኮምፒውተር እገዛ 303 አዲስ ሥዕል ማግኘታቸውን አስታወቁ። ማማው አጠገብ ያለው እንሽላሊት ግን ለሁለት ተቆርጧል፤ አውራ ጎዳናው ሲሠራ በመሐሉ አለፈ። መሐንዲሶቹ ከመሬት ሆነው አላዩትም። በ2018 ደግሞ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ከመንገድ ወጥቶ መስመሮቹ ላይ ነዳ። ስለ ሹፌሮች ስም አልናገርም።

ከከተማው አራት አምስት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ካንታዮክ አለ። የፎቶው ጉድጓድ።

ፑኪዮ ይሉታል። ከተራራው የሚወርደው ወንዝ ናዝካ ሲደርስ አብዛኛውን ዓመት ከላይ ደረቅ ነው፤ ውሃው በጠጠሩ ውስጥ ሰርጎ ከመሬት በታች ይሄዳል። ጥንታውያኑ ከሸለቆው ታች ጀምረው ወደ ላይ፣ ወደ ውሃው አቅጣጫ፣ ቦይ ቆፈሩ። የቦዩ ቁልቁለት ከመሬቱ ቁልቁለት ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ከመሬቱ ገጽ እየራቀ ይጠልቅና ውሃው ካለበት ይደርሳል። ከዚያ ውሃው በራሱ ክብደት እየተንሸራተተ ወደ ብርሃን ይወጣል፣ ኩሬ ይሞላል፣ ከኩሬው ወደ ማሳ ይለቀቃል። ናፍጣ የለ፣ መብራት የለ። ጥልቅ በሆነበት ቦታ ቦዩ በወንዝ ድንጋይ ተገንብቶ በዋራንጎ እንጨት ተሸፍኗል። እየተጠመዘዙ የሚወርዱት ጉድጓዶች ሰው ገብቶ ደለል የሚጠርግባቸው በሮች ናቸው። ነፋስ እየገፋ ውሃውን ያንቀሳቅሰዋል የሚሉ አሉ፤ በእኔ ግምት ቁልቁለቱ ብቻውን ይበቃል። ብዙዎች ዕድሜያቸውን ወደ 500 ዓ.ም. ገደማ ያደርሱታል፤ ከስፔኖች በኋላ ነው የሚሉም አልጠፉም። ከ30 በላይ ፑኪዮዎች ይታወቃሉ፤ ብዙዎቹ ዛሬም ይሠራሉ፤ ገበሬዎቹ በየዓመቱ ተሰብስበው ይጠርጓቸዋል። እኛ ደቦ የምንለውን።

ወርጄ እጄን ከተትኩ። ቀዝቃዛና ንጹሕ ነው። ባለቤቴ ከላይ ቆማ ፎቶ አነሣችኝ፤ ፎቶውን አላወጣውም፣ ፊቴ ላይ የሆነ ነገር አለ።

እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ ያየሁት ይህን ነው። ፑኪዮ ከራሱ ወለል በታች ያለውን ውሃ መንካት አይችልም። ዝናብ ከተራራው ከቀነሰ የሚፈሰውም ይቀንሳል፣ ገበሬው በዚያው ዓመት ያየዋል፣ የሚዘራውን ያሳንሳል። ፓምፕ ግን ውሃው ሲወርድ ቧንቧውን አርዝመህ ትከተለዋለህ። ባለቤቱ ችግሩን የሚያየው ጉድጓዱ ሲያልቅ ነው፤ ገንዘብ የሌለው ጎረቤቱ ደግሞ ከእሱ ብዙ ዓመት ቀድሞ ያየዋል። ይህን በትምህርት ቤት በቀመር ተምሬዋለሁ፣ ፈተናም አልፌበታለሁ። ሹፌራችን ከላይ ሆኖ «ጨርሰሃል?» እያለ ይጣራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ የዋራንጎ ዛፍ ሥሩ በጣም ጥልቅ ነው፣ አፈሩን ይይዛል፤ የጥንት የናዝካ ሰዎች ጫካውን ለእርሻ እየመነጠሩ ሲሄዱ ጎርፍ ሲመጣ መሬቱ እንደታጠበ ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ዛሬ መልሰው ይተክሉታል። ወገኑ ማን መሰላችሁ? አፋርን የወረረው ፕሮሶፒስ! እዚያ ቢሞትባቸው የሚያለቅሱለትን የዛፍ ዘር እኛ አዋሽ ዳር በዶዘር ስንነቅለው ነበር።

ከሊማ ኤርፖርት ለወንድሜ ደወልኩ። ሁሉንም አስረዳሁት፤ ፍሎራይዱን፣ ጎረቤቱን፣ ዋካቺናን። ጨርሶ ካዳመጠኝ በኋላ «ጋሼ፣ አንተ ውሃ ከቧንቧ ነው የምትጠጣው» አለኝ። ቀጥሎም «እኔ ብተው ሌላው ይተዋል?» አለኝ። ለዚህኛው መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም። በስንት ክርክር የተስማማነው ይህን ነው፦ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት ከአካባቢው ጥልቅ ጉድጓድ ውሃ ተወስዶ ፍሎራይዱ ይመረመር፣ ክፍያው ከእኔ። እስከዚያ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ሞተር ሳይነሣ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ የታሰረ ገመድ ወደ ጉድጓዱ ጥሎ ጥልቀቱን ይለካልኝ። ትንሿ ልጁ ደብተር ላይ ትጽፋለች፣ ፎቶውን በቴሌግራም ትልክልኛለች። ስድስት እሑድ ሆኗታል። የመጀመሪያው 11 ሜትር ከ40 ነበር። የትናንቱ 12 ሜትር ከ15 ነው። ወንድሜ «ክረምት ይግባና እናያለን» ይላል፤ ልጅቷ ግን ከቁጥሩ ጎን በቀይ እስክሪብቶ ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት ሥላለች፣ ማንም ሳይነግራት።